ኃይሉ ቀረ፣ ድራመሩ ተመለሰ

ከሃይፋ ነኝ፣ ከኔቬ ዳዊድ፣ እንደ ሁልጊዜው ከክፍሌ። መስኮቱን ዘግቻለሁ፣ ግን የአውቶቡስ ድምፅ ሾልኮ ከገባ ይቅርታ። በጽሑፍ ለምታነቡት፣ የተናገርኩትን ነው የጻፍኩት፣ "እእእ" የሚለውን ብቻ አውጥቼ።

ዛሬ ከአንድ ሰርግ ልነሳ። ባለፈው ነሐሴ የአክስቴ ልጅ አገባች። እኔ ድራም እጫወታለሁ፣ ታውቃላችሁ። ሙሽራዋ "አንቺ ካልመታሽ ሰርግ አይባልም" ስላለችኝ ለኪቦርድ ተጫዋቹ ደወልኩለት። ጨዋ ሰው ነው፣ ቤተሰባችን ሰርግ ባለው ቁጥር የሚጠራው እሱን ነው። ሐሳቤን በትዕግሥት ሰማኝና እንዲህ አለኝ፦ "እህቴ፣ ድራመር ምን ያደርጋል? ድራሙ ኦርጋኑ ውስጥ አለ።"

ስልኩን ዘጋሁና ተናደድኩ። ቀጥሎ ግን ማሰብ ጀመርኩ። እውነቱን ነው እኮ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሄድኩበትን ሰርግ ሁሉ በሐሳቤ ዞርኩት፤ ዘፋኝ አለ፣ ኪቦርድ አለ፣ አንዳንዴ ማሲንቆ አለ፣ ሳክስፎንም አይቻለሁ። ድራም ላይ የተቀመጠ ሰው ግን አንድም ቀን አላየሁም። ምቱ ከማሽን ነው የሚወጣው። እኛም ለማሽኑ ትከሻችንን እንነቀንቃለን። መቼ ነው እንዲህ የሆነው? ድራመሮቻችን የት ሄዱ?

መልሱን ለመፈለግ የአንድ ሰው ሙዚቃ ይዤ ተቀመጥኩ። ኃይሉ መርጊያ። ፒያኖ፣ ኦርጋን፣ አኮርዲዮን የሚጫወት፣ የሚያቀናብር፣ ዛሬ ከጃፓን እስከ አሜሪካ ያሉ ወጣት ሙዚቀኞች የሚሰሙት ሰው። በዕድሜ አያቴን ያህላል፣ "ጋሽ ኃይሉ" እና "እሳቸው" ማለት ነበረብኝ። ግን ስለ አርቲስት ሲወራ "እሱ" ይባላልና እንዳትታዘቡኝ። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ጣቶቹ ሳይሆን ከኋላው ስለሚቀመጠው ሰው፣ ስለ ድራመሩ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ። ከበሮ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ቄሶቻችን በበዓል ጸሎት ላይ ነጋሪትና መጥቅዕ ይመታሉ። አያቴ ደግሞ ወገራ እያለች በየሰርጉ ከበሮ የምትመታ እሷ ነበረች። ድራም የምንለው ግን፣ ማለትም አንድ ሰው ተቀምጦ በሁለት እጁና በሁለት እግሩ የሚመታው፣ የአሜሪካ ልጅ ነው። ድሮ በሰልፍ ባንድ ውስጥ ትልቁን ከበሮ አንዱ፣ ትንሹን ሌላው፣ ሲምባሉን ሦስተኛው ነበር የሚመታው። በ1909 የሉድቪግ ወንድሞች ለትልቁ ከበሮ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ሠርተው የፈጠራ መብት አወጡ። የሦስት ሰው ሥራ በአንድ ሰው እጅ ገባ። ጃዝ ያደገው በዚያ ወንበር ላይ ነው። በ1940ዎቹ ኬኒ ክላርክ የሚባል ድራመር ዜማውን የሚያስኬደውን ምት ከእግሩ አንስቶ ወደ ሲምባሉ አወጣው፤ እግሩ ነፃ ሆነ፣ እንደ ፈለገ ጣልቃ እየገባ ይናገር ጀመር። ከዚያ ወዲህ የጃዝ ድራመር ሰዓት ቆጣሪ መሆኑ ቀረ፤ ከፒያኖው ጋር የሚያወራ ሰው ሆነ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የነሐስና የሰልፍ ሙዚቃ ታሪክ ደግሞ እኛ አሁን ባለንበት አገር በኩል ያልፋል። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ። ልጆቹን ወደ አዲስ አበባ ወሰዷቸው። "አርባ ልጆች" የሚባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ሲሆን የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ኋላ ብዙ የአዲስ አበባ ባንዶችን አሠለጠነ። አዩት? እኛ ከዚያ ወደዚህ ከመምጣታችን ከ60 ዓመት በፊት የሙዚቃ ልጆች ከዚህ ወደዚያ ሄደዋል። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ባንዶች መጡ። ዘመናዊ ሙዚቀኛ መሆን የፈለገ ልጅ ዩኒፎርም መልበስ ነበረበት።

ኃይሉም ለበሰ። በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለደ፣ በ10 ዓመቱ አዲስ አበባ ገባ፣ በ14 ዓመቱ የጦር ሠራዊቱ ሙዚቃ ክፍል ተቀጠረ። ኖታ ማንበብ የተማረው እዚያ ነው። ከዚያ ወጥቶ በየምሽት ክበቡ በአኮርዲዮን፣ ቀጥሎም በኦርጋን መጫወት ጀመረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከጓደኞቹ ጋር ዋልያስ ባንድን አቆሙ። ባንዱ አዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት ሠራ። ኦርጋኑ ላይ ኃይሉ፣ ቤዝ ላይ መላከ ገብሬ፣ ሳክስፎን ላይ ሞገስ ሀብቴ፣ ትራምፔት ላይ ዮሐንስ ተኮላ፣ ድራም ላይ ተማረ ሐረጉ።

ይህን ስም ያዙልኝ። ተማረ ሐረጉ።

ጊዜው ክፉ ነበር። ደርግ በ1974 ሥልጣን ከያዘ በኋላ የሰዓት እላፊ ታወጀ። ሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንገድ ላይ ከተገኘ አለቀለት። ስለዚህ ለመዝናናት የወጣ ሰው እዚያው ገብቶ እስኪነጋ ይቆያል፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ኃይሉ ይህን በተለያዩ ቃለ መጠይቆች ተናግሯል። እኔ እንደ ድራመር የማስበው አንድ ነገር ነው፦ እስከ ንጋት! ዘፋኝ ያርፋል፣ ሳክስፎኑ ያርፋል፣ ድራመር ግን ምን ጊዜ ያርፋል? ሌሊቱን ሙሉ በሩ ተቆልፎ፣ ውጭው ወታደር ሆኖ፣ የቤቱን ልብ የሚያስመታው እሱ ነው።

በ1977 ዋልያስ "ቼ በለው" የሚለውን አልበም አወጣ። በግጥም ሳይሆን በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙሉ አልበም በዚያን ጊዜ ብዙ አልነበረም። ውስጡ ያለው "ሙዚቃዊ ስልት" የግርማ በየነ ድርሰት ነው፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ባንዶች ይጫወቱታል። እስኪ ዛሬ ማታ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ ኦርጋኑን ተዉትና ድራሙን ብቻ ተከተሉ። ተማረ ብዙ አይመታም። ከቤዙ ጋር ተቆላልፎ ይቀመጣል፣ ኦርጋኑ ሲናገር ዝም ይላል፣ ሐረጉ ሲያልቅ አንዲት ነገር ጣል ያደርጋል። ልክ ሽማግሌ ሲያወራ "እህ… እሺ… ከዚያስ?" እንደሚል ሰው።

አልበሙን ለአባቴ አሰማሁት። አባቴ ከወደቡ ኮንቴይነር የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ስለ ሙዚቃ ብዙ አያወራም። ርዕሱን ስነግረው ግን ሳቀ። "ቼ ማለት እኮ ለፈረስ ነው" አለኝ። "ሂድ ስትለው፣ ቼ! ትለዋለህ።" እና በጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ የፈረስ ሩጫ መታልኝ። ተገለበጠ፣ ተገለበጠ፣ ተገለበጠ። ቆጠርኩት። ስድስት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም የነገሩ ቁልፍ ይሄ ነው። ችክችካ የምንለው ምት፣ እስክስታ የምንመታበት፣ ስድስት አጫጭር ምቶች አሉት። አሁን አብራችሁኝ ቁጠሩ፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6። እግራችሁ 1 እና 4 ላይ ይርገጥ፤ ሁለት ሰፊ እርምጃ ይሆናል። አሁን እግራችሁን ሳታቆሙ 1፣ 3፣ 5 ላይ አጨብጭቡ፤ ሦስት ጭብጨባ ይሆናል። እግር ሁለት ይላል፣ እጅ ሦስት ይላል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ 1 ላይ ይገናኛሉ። መጀመሪያ ትምታታላችሁ። አይዟችሁ። ትከሻችሁ ግን ያውቀዋል።

አስተውሉ፣ የጃዝ ድራመሮችም ወደዚህ ቤት በሌላ በር መጥተዋል። ኤልቪን ጆንስ በ1960 የጆን ኮልትሬንን ባንድ ሲቀላቀል በሦስት የሚቆጠር ሙዚቃ ላይ ሁለትንም ሦስትንም አንድ ላይ ማንከባለል ጀመረ፤ ሰው ሁሉ ተደነቀ። ትልቅ ድራመር ነው፣ ክርክር የለኝም። ግን አያቴ ሲጫወት ባሳየኋት ጊዜ "ደህና ይመታል፣ የማን ልጅ ነው?" ነው ያለችው።

የኛዎቹ ድራመሮች ብልሃት እነዚህን ሁለቱን ማጋባት ነበር። አያቴ በሁለት መዳፏ የምትለውን በአራት አካል መከፋፈል፦ እግር ለባስ ድራሙ፣ ግራ እጅ ለስኔሩ፣ ቀኝ እጅ ለሃይሃቱ። በሌላ በኩል ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን በርክሊ ተምሮ ሲመለስ ቪብራፎንና ኮንጋ ይዞ መጣ፤ በ1960ዎቹ ኒው ዮርክ የቀዳቸው "አፍሮ ላቲን ሶል" አልበሞች በላቲን ከበሮዎች የተሞሉ ናቸው። ሙላቱ ከውጭ ያመጣውን ምት ከአገሩ ቅኝት ጋር አጋባ። እነ ተማረ ደግሞ ምንም ሳይዙ፣ ሒልተን ቤት ውስጥ፣ እስኪነጋ፣ ያንኑ ጋብቻ በሥራ ላይ ደገሱ።

አሁን ወደሚያመው ክፍል።

በ1981 ዋልያስ ለጉብኝት አሜሪካ ሄደ። በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ የወጣ ዘመናዊ ባንድ ለጉብኝት አሜሪካ ሲሄድ የመጀመሪያው ነበር ይባላል። ጉብኝቱ ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ ዋሽንግተን ቀሩ። ዮሐንስ ተኮላና ተማረ ሐረጉ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ኦርጋኑ አሜሪካ፣ ድራሙ ኢትዮጵያ።

የቀረውንም የተመለሰውንም አልፈርድም። እኛ ቤት ይህ ወሬ በደንብ ይታወቃል። አባቴ በ1984 በሱዳን በኩል በእግሩ ሲወጣ ልጅ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ ከብቶቹን ለማን ጥዬ ብሎ ቀረ። ማን ትክክል ነበር ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው በመካከል ምን ጠፋ የሚለው ነው።

አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1985፣ ኃይሉ አንድ ካሴት ሠራ። "ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው፦ ሸሞንሟናዬ"። ዋሽንግተን አካባቢ፣ አንድ ትንሽ የቤት ስቱዲዮ ውስጥ፣ ብቻውን። አኮርዲዮኑን ራሱ፣ ሲንተሳይዘሩን ራሱ፣ ቤዙንም ራሱ ተጫወተው። ድራሙንስ? ድራሙ ማሽን ነው።

ይሄ ካሴት ለኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ መሐል ነው። ማሽኑ አይሳሳትም። እያንዳንዱ ምት ከፊተኛው እኩል ነው። "ከዚያስ?" ብሎ አይጠይቅም፣ ሐረጉ ሲያልቅ ጣል የሚያደርገው ነገር የለም። በዚያ ላይ ግን አኮርዲዮኑ አለ። አኮርዲዮኑ ይዘገያል፣ ይቀድማል፣ ይተነፍሳል። የሰው ድራመር የሚሠራውን ሥራ ራሱ የኃይሉ ግራና ቀኝ እጅ ተከፋፍለው ሲሠሩት ይሰማኛል። ምናልባት እኔ ድራመር ስለሆንኩ ነው። ግን አንድ ሰው ከሌለ ሰው ጋር ሲያወራ የሚሰማ ይመስለኛል። የሚያሳዝን ሙዚቃ አይደለም፣ እንዳይመስላችሁ፤ የሚያምር ነው። ብቸኝነቱ ነው የሚያምረው።

ታዲያ የሰርጉ ኪቦርድ ተጫዋች የተናገረው ዓረፍተ ነገር ከየት እንደመጣ ገባኝ። ማሽኑ የመጣው በስንፍና አይደለም። ባንድ የሚባለው ነገር ተበታተነ። አንዱ ዋሽንግተን፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሃይፋ። ስምንት ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ጠፋ፣ ለስምንት ሰው የሚከፍልም ጠፋ። አንድ ሰው ሁሉንም መሸከም ነበረበት፣ ማሽኑም እጁን ዘረጋለት። በዚህ ምት ነው ወላጆቻችን በስደት አገር የተዳሩት። እሱን መናቅ አልችልም።

ኃይሉ ቆይቶ ታክሲ ነጂ ሆነ። ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ዱለስ አየር ማረፊያ ሰው ያመላልስ ነበር። ትንሽ ኪቦርድ መኪናው ኋላ አስቀምጦ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ፣ መኪናው ውስጥ ይለማመዳል። ይህን ለአባቴ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ አብሬው ገባሁ፣ እስከ ገበያ ሊያደርሰኝ። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም መሪውን በሁለት አውራ ጣቱ ይመታል። 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንዲህ ያደርግ ነበር። ድራም ማን አስተማረሽ ሲሉኝ ሁልጊዜ የአስተማሪዎቼን ስም ነበር የምጠራው። አይገርምም?

በ2013 አንድ አሜሪካዊ፣ ብራያን ሺምኮቪትዝ፣ ያንን የ1985 ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶ ወደደው። ኃይሉን አፈላልጎ ደወለለት፤ ካሴቱም እንደገና ታተመ። በሚቀጥለው ዓመት "ቼ በለው" ታተመ፣ ቀጥሎ ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 የሠራው "ወደ ሐረር ጉዞ"። ታክሲ ነጂው ስድሳ ሰባት ዓመት ሆኖት ወደ መድረክ ተመለሰ። ወደ መድረክ ሲመለስ ግን ማሽኑን አይደለም የያዘው። ቤዝና ድራም የሚጫወቱ ሰዎችን ይዞ ወጣ። ሦስት ሰዎች።

በ2018 "ላላ በሉ" የሚለው አልበም ወጣ። ድራሙ ላይ ቶኒ ባክ ነው፣ ዘ ኔክስ ከሚባለው የአውስትራሊያ ቡድን፤ ቤዙ ላይ ማይክ ማይኮቭስኪ። ቶኒ ባክ የጃዝ ድራመር ነው፤ ሲምባሉን እንደ ዝናብ ይዘረግፈዋል። ተማረ እንዲህ አይመታም ነበር። መጀመሪያ ስሰማው "ይሄ የኛ አይደለም" አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስሰማው ገባኝ፦ ሰውዬው ያዳምጣል። ኃይሉ ሲዘገይ ይጠብቀዋል። ቋንቋውን አያውቅም፣ ግን "ከዚያስ?" ይላል። በ2020 በወጣው "የኔ ምርጫ" ላይ ደግሞ ድራሙን ኬኔት ጆሴፍ፣ ቤዙን ዓለምሰገድ ከበደ ይዘውታል። "ላላ በሉ" የሚያልቀው ግን በብቸኛ ፒያኖ ነው፣ "የፍቅር እንጉርጉሮ" በሚለው። ድራም የለም። ልዩነቱ ግን፣ አሁን ዝምታውን የመረጠው እሱ ነው።

ወደ ሰርጉ እንመለስ። ኪቦርድ ተጫዋቹን እንደገና ለመንኩት። "እሺ፣ አንድ ዘፈን" አለኝ። አንድ ስኔር፣ አንድ ባስ ድራም፣ አንድ ሃይሃት ይዤ በአባቴ መኪና አመጣሁ። ተራዬ ሲደርስ አጠገቡ ተቀምጬ "ማሽኑን አጥፋው" አልኩት። አየኝ። አጠፋው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አጀማመሩ አስቀያሚ ነበር። ከኪቦርዱ ጋር ተጋጨን። እሱ ለስንት ዓመት ከማይሳሳት ጋር ሲጫወት ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ችክችካን ከዩቱብ ነው የተለማመድኩት። ሰው መጨፈሩን ትቶ ያየን ጀመር። ፊቴ ጋለ። ያኔ ከፊት ረድፍ አያቴ ተነሳች። ወንበሩን ተደግፋ ቆመች፣ እጆቿን አነሳችና ማጨብጨብ ጀመረች፦ 1፣ 3፣ 5። ጠንካራ፣ ደረቅ ጭብጨባ። ከሷ ቀጥሎ አክስቶቼ። ኪቦርዱን መስማት ተውኩ፣ እሷን ያዝኩ። እግሬ ሁለት አለ፣ እጇ ሦስት አለ፣ 1 ላይ ተገናኘን። ኪቦርዱም መጣና ተቀላቀለን። እልልታው ሲነሳ ትከሻዎቹ ተመለሱ።

ዘፈኑ አለቀ። ሰውዬው ላቡን ጠረገና ፈገግ ብሎ ማሽኑን መልሶ አበራው። ውሉ አንድ ዘፈን ነበር። አልከፋኝም።

ማታ መኪና ውስጥ አያቴን "እንዴት ነበርኩ?" አልኳት። "መጀመሪያ ብቻሽን ነበር የምትመቺው" አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

በቃ፣ ለዛሬ ይሄው ነው። አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፦ በዚህ ሳምንት ከወላጆቻችሁ ወይ ከአያቶቻችሁ አንዳቸውን አስጨብጭቡ። ዘፈን አያስፈልግም። ጭብጨባውን በስልካችሁ ቅዱና ላኩልኝ፣ ከየት አገር እንደሆኑም ጻፉልኝ፤ ጎንደር፣ ትግራይ፣ ሰሜን፣ የትም ይሁን። በሚቀጥለው ክፍል አንድ ላይ አድርጌ አሰማችኋለሁ፣ እኔም ከሥሩ ድራም እመታለሁ። ማሽን የለም። ከዘገየሁም ታገሡኝ።

ሰላም ሁኑ። ከሃይፋ።